ጎንዶኮሮ፤ ከጁባ ማዶ ያለው የጥንቱ የወንዝ ወደብ

የጥንት ወደብ ለመጎብኘት የሚነሣ ሰው አስቀድሞ በሐሳቡ የሚመጣለት ባሕር ነው። ምጽዋ በደሴቷ ላይ ከባሕር ድንጋይ በታነጹት ቤቶቿ፣ ስዋኪን በጠባቡ የባሕር ሰርጥ መጨረሻ በክብ ደሴቷ፣ ዘይላ በአሸዋማው ዳርቻዋ፣ ሁሉም በመካከለኛው ዘመን ስማቸው በነጋዴና በመንገደኛ አፍ ሲጠራ የኖረ ወደቦች ናቸው። የሞሮኮው ተወላጅ ኢብን ባቱታ በ1330 ገደማ ዘይላ በደረሰ ጊዜ የገበያዋን ትልቅነት መስክሮ፣ ነገር ግን ከዓሣውና በየመንገዱ ከሚታረደው ግመል ደም የሚነሣው ሽታ ስለ አስቸገረው ሌሊቱን በመርከብ ላይ ማደርን መርጦአል።

ይሁን እንጂ ወደብ የሚሆነው የባሕር ዳር ብቻ አይደለም። ከቀይ ባሕርም ሆነ ከሕንድ ውቅያኖስ ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ በነጭ ዓባይ ምሥራቃዊ ዳር፣ መርከብ የሚያርፍበት፣ ዕቃ የሚራገፍበት፣ ባንዲራ የሚሰቀልበት አንድ ስፍራ ነበረ። ስሙ ጎንዶኮሮ ይባላል። በዕድሜው ከምጽዋና ከዘይላ ጋራ የሚወዳደር አይደለም፤ ታሪኩ ግን ከቀይ ባሕር ዳርቻ ታሪክ ጋራ በአንድ ገመድ የታሰረ ስለ ሆነ፣ አገር ለሚያስተዳድርም ለሚነግድም ሰው ብዙ የሚያስተምር ነገር አለው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የቦታው አቀማመጥ

የደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ ጁባ የተቈረቈረችው በነጭ ዓባይ ምዕራባዊ ዳር ነው። ወንዙ በዚህ ክፍል ባሕር አል ጀበል፣ ማለት የተራራው ወንዝ ይባላል። ከተማዪቱ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ወደ አምስት ዲግሪ ገደማ ላይ ስትገኝ፣ ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 550 ሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ ሙቀቷ ለደጋ ሰው የሚቀልል አይደለም። በስተ ምዕራብ ጀበል ኩጁር የተባለው ድንጋያማ ተራራ ቆሞ ይታያል። በስተ ደቡብ ደግሞ ረጃፍ የሚባለው ሾጣጣ ኮረብታ አለ፤ የጥንቶቹ መንገደኞች የጉዞአቸውን መጨረሻ የሚያውቁት በዚህ ምልክት ነበረ።

ወንዙ በጁባ አጠገብ ሲደርስ በሰፊው ይዘረጋና በደሴቶች መካከል እየተከፋፈለ ይፈስሳል። በማለዳ፣ ፀሐይ ከማዶው ሜዳ በላይ ብቅ ስትል፣ በዳሩ ያሉት የማንጎ ዛፎች ጥላቸውን በውሃው ላይ ያጋድማሉ፤ ዓሣ አጥማጆች በታንኳዎቻቸው ላይ ቆመው መረባቸውን ይጥላሉ፤ ከላይ ከደቡብ የሚወርደው ሣር እንደ ትንንሽ ደሴት ሆኖ በወንዙ ላይ ተንሳፍፎ ያልፋል። በባሕር ዳር አገር ለአደገ ሰው ይህ ሁሉ እንግዳ አይሆንበትም። የውሃው ቀለም ቡናማ፣ ጠረኑም ጨው የሌለበት ከመሆኑ በቀር የወደብ ጧት ነው።

ጎንዶኮሮ ከጁባ ትንሽ ወደ ሰሜን ዘልቆ በምሥራቁ ዳር ያለ ቦታ ነው። ዛሬም ስሙ በማዶው ዳርቻና በወንዙ መካከል ባለው ደሴት ይጠራል። ገበሬዎች በደሴቱ ላይ አትክልት ያመርቱና በጀልባ እያሻገሩ ለጁባ ገበያ ያቀርባሉ። በየብስ መሻገር ለሚፈልግ ሰው በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተሠራው የብረት ድልድይና፣ በጃፓን መንግሥት ርዳታ ተሠርቶ በሜይ 2022 የተከፈተው 560 ሜትር ርዝመት ያለው የነጻነት ድልድይ አሉ።

ጎብኚው በማዶ የከተማ ቅጥር፣ የግንብ በር ወይም የድንጋይ መጋዘን አገኛለሁ ብሎ ከሄደ ያዝናል። በአንድ ወቅት በለንደን፣ በካይሮና በሮማ ስሙ በየጊዜው ሲነሣ የነበረው ወደብ እንደ ከተማ ቆሞ አይታይም። ያለው ሣር፣ እርሻና ውሃ ነው። እንግዲህ የጎንዶኮሮ ጉብኝት ዋናው ጥያቄ ከዚህ ይነሣል፤ ይህን ያህል ስም የነበረው ወደብ ስለ ምን አልቆመም?

የወደቡ አጀማመር

ወደቡን የፈጠረው ወንዙ ራሱ ነው። ከካርቱም ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚሄድ መርከብ ሱድ በሚባለው ረግረግና የውሃ ሣር መካከል አልፎ ጎንዶኮሮ ከደረሰ በኋላ ከዚያ ብዙም ሊርቅ አይችልም፤ ከረጃፍ በላይ ወንዙ በድንጋይ መካከል እየተጋጨ ስለሚወርድ መንገዱ ይዘጋል። ስለዚህ መርከብ የሚያበቃበት ስፍራ ሁሉ ወደብ እንደሚሆን፣ ይህም ስፍራ ወደብ ሆነ።

የግብፁ ገዢ መሐመድ ዓሊ የዓባይን ምንጭ እንዲፈልጉ ከላካቸው ጉዞዎች ሁለተኛው፣ በሰሊም ቀቡዳን መሪነት፣ በጃንዋሪ 1841 ጎንዶኮሮ ደረሰ። በዚያ ዘመን አካባቢው የባሪ ሕዝብ አገር ነበረ። ባሪዎች ከብት አርቢዎችና ገበሬዎች ሲሆኑ፣ በብረት ሥራም የታወቁ ነበሩ፤ ዝናም ያዘንማሉ ተብለው የሚታመኑት አለቆቻቸውም ትልቅ ክብር ነበራቸው። ይህ ሕዝብ ከሩቅ የመጡትን ሰዎች መጀመሪያ የተቀበለው በመልካም ዓይን ነበር። ከእንግዶቹም ጋራ የመስተዋት ዶቃ መጣ፤ በምላሹም የዝሆን ጥርስ ወጣ።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በነጭ ዓባይ ላይ መነገድ ለካርቱም መንግሥት ብቻ የተከለለ ነበር። ከ1850 ወዲህ ግን የአውሮፓ ቆንስሎች አጥብቀው ስለ ጠየቁ ክልከላው ቀረና ወንዙ ለነጋዴ ሁሉ ተከፈተ። መንግሥት ከገበያው እጁን ሲያነሣ በስፍራው ዳኛ፣ ጉምሩክ ወይም ፖሊስ አላቆመም። ይህ የአስተዳደር ጉድለት በኋላ ለደረሰው ጥፋት ሁሉ በር ከፈተ።

የሁለት ወር ከተማ

እንግሊዛዊው መንገደኛ ሳሙኤል ቤከር በ1863 ጎንዶኮሮን በአየ ጊዜ፣ ይህ ስፍራ ከተማ ሳይሆን የዝሆን ጥርስ ነጋዴዎች ማረፊያ ብቻ እንደ ሆነና በዓመት ለሁለት ወር ያህል ብቻ ሰው እንደሚኖርበት ጽፎአል። ምክንያቱም ነፋሱ ነው። ባለ ሸራዎቹ ጀልባዎች የሰሜኑ ነፋስ በሚነፍስበት ወራት፣ በዲሴምበር፣ ከካርቱም ይነሡና ወደ ላይ ይመጣሉ፤ ጭነታቸውን ይዘው በወንዙ ፍሰት ይመለሳሉ። ቤከር ራሱ ዲሴምበር 18 ቀን 1862 ከካርቱም ተነሥቶ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1863 ሲደርስ ጉዞው 46 ቀን ፈጅቶአል። ጀልባዎቹ ከሄዱ በኋላ የሣሩ ጎጆ ይፈርሳል፤ እስከ ሚመጣው ዓመት ድረስ ዳሩ ባዶ ይሆናል።

ቤከር የዚህን ንግድ አሠራር በዝርዝር ስለ ጻፈ፣ ለዛሬ ነጋዴ ሒሳቡን መመልከት ይጠቅማል። በካርቱም ገንዘብ የሌለው ሰው ጉዞ ለማቋቋም ሲፈልግ ከአራጣ አበዳሪ ይበደራል። ብድሩን የሚከፍለው በዝሆን ጥርስ ነው፤ የጥርሱም ዋጋ የሚታሰበው በገበያው ዋጋ እኵሌታ ነው። ይህም ማለት ወለዱ መቶ በመቶ ሆነ ማለት ነው። በዚህ ገንዘብ ጀልባዎች ይከራያል፤ ከመቶ እስከ ሦስት መቶ የሚደርሱ ሰዎች ይቀጥራል፤ ጠመንጃ፣ ጥይትና ዶቃ ይገዛል። ለቅጥረኞቹ በወር 45 ቅርሽ ሒሳብ የአምስት ወር ደመወዝ አስቀድሞ ይከፍላል።

እንዲህ ያለውን ዕዳ ተሸክሞ የሚነሣ ሰው በቀና ንግድ ከፍሎ ሊያተርፍ እንደማይችል ለመረዳት ብዙ ስሌት አያስፈልግም። ስለዚህ ጉዞው ወዲያው ወደ ዘረፋ ይለወጣል። ነጋዴው ከአንዱ መንደር አለቃ ጋራ ይወዳጅና ጠላቱ የሆነውን ሌላ መንደር በሌሊት ከብቦ ያቃጥላል፤ ከብቱን ይነዳል፤ ሴቶችንና ሕፃናትን ይማርካል። የተዘረፈው ከብት በዝሆን ጥርስ ይለወጣል፤ የተማረከውም ሰው በባርነት ይሸጣል። ቤከር እንደ ገመተው፣ መልካም በሆነ ዓመት 150 ሰዎች ያሉት አንድ ጉዞ 20,000 ፓውንድ፣ ማለት ዘጠኝ ሺህ ኪሎ ያህል የዝሆን ጥርስ ያስገባል፤ ዋጋውም በካርቱም 4,000 የእንግሊዝ ፓውንድ ነው። ቅጥረኞቹ ደመወዛቸውን በባሪያ ስለሚቀበሉ ለነጋዴው የደመወዝ ወጪ አይኖርበትም፤ ከዚያም በላይ ከ400 እስከ 500 የሚደርሱ ባሮች ተጨማሪ ትርፍ ሆነው ይቀሩለታል።

እንግዲህ የጎንዶኮሮ ንግድ ከሒሳብ መዝገቡ ላይ ሲነበብ ትርፉ ከፍ ያለ ነበር። ነገር ግን በዚህ መዝገብ ላይ የማይጻፍ ኪሳራ ነበረ። በመጀመሪያ እንግዳ ተቀባይ የነበረው የባሪ ሕዝብ እንግዳን ሁሉ እንደ ጠላት ማየት ጀመረ፤ መንደሮቹ ከወንዙ ዳር ሸሹ፤ እህል የሚሸጥ ገበሬ ጠፋ። ወደቡ የሚበላውን እንኳ ከሩቅ አምጥቶ የሚበላ ሆነ።

የጡቡ ቤተ ክርስቲያን

በዚያው ዘመን ሌላ ዓላማ ይዘው የመጡ ሰዎችም ነበሩ። በ1846 የተቋቋመው የመካከለኛው አፍሪካ የካቶሊክ ሚሲዮን፣ ኢግናሲ ክኖብለኸር በተባለ የስሎቬንያ ተወላጅ ቄስ መሪነት፣ በ1850ዎቹ መጀመሪያ በጎንዶኮሮ ቦታ ገዝቶ ጣቢያ አቋቋመ። ሚሲዮናውያኑ የባሪን ቋንቋ ተማሩ፤ ልጆችን አስተማሩ፤ አትክልት ተከሉ፤ ከጡብም ቤተ ክርስቲያን ሠሩ።

ሥራው ግን ከሁለት ወገን ጠላት ተነሣበት። አንዱ የወባ ትኩሳት ነው፤ ከመጡት ካህናት አያሌዎቹ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሞቱ። ሁለተኛው የነጋዴዎቹ አድራጎት ነው፤ በአንድ ጀልባ ወንጌል፣ በሌላው ጀልባ ሰንሰለት ሲመጣ ያየ ሕዝብ ሁለቱን ለይቶ ሊያምን አልቻለም። ክኖብለኸር በ1858 በኔፕልስ ሞተ፤ ጣቢያውም በ1860 ገደማ ተዘጋ። ቤከር በ1863 ሲደርስ ከሚሲዮኑ የተረፉትን የጡብ ፍርስራሾችና የሎሚ ዛፎቹን አየ። በጎንዶኮሮ ለሕዝቡ ጥቅም ተብሎ የተተከለ ነገር ቢኖር በዚያን ጊዜ እነዚያ የሎሚ ዛፎች ብቻ ነበሩ።

ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1863

ጎንዶኮሮ በዓለም ዘንድ የታወቀው በዚህ ቀን ነው። ከዛንዚባር በ1860 የተነሡት እንግሊዛውያን ጆን ስፒክና ጀምስ ግራንት፣ ከሁለት ዓመት በላይ በእግር ተጉዘው፣ ስፒክ በጁላይ 1862 ዓባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ የሚወጣበትን ፏፏቴ ከአየ በኋላ፣ ልብሳቸው አልቆ፣ ሰውነታቸው ከስቶ ጎንዶኮሮ ገቡ። በዚያም ቤከርና ባለቤቱ ፍሎረንስ ከአሥራ ሦስት ቀን በፊት ደርሰው አገኙአቸው። ስፒክ ወደ ምዕራብ ሌላ ትልቅ ሐይቅ እንዳለ ከአገሩ ሰዎች መስማቱን ለቤከር ነገረው፤ ቤከርም በዚህ ምልክት ሄዶ ማርች 14 ቀን 1864 አልበርት ብሎ የሰየመውን ሐይቅ አየ።

የዓባይ ምንጭ ነገር ብዙ ዘመን ያከራከረ ጥያቄ ስለ ነበረ፣ የጎንዶኮሮ ስም በአውሮፓ ጋዜጦች ላይ ተነበበ። ሆኖም በዚያው ሳምንት በዚያው ዳር የዝሆን ጥርስ የሚጫንባቸውና ሰዎች በሰንሰለት የሚታሰሩባቸው ጀልባዎች ቆመው ነበር። ዓለም ስለ ወንዙ ምንጭ ያወቀውን ያህል በወንዙ ዳር ስለሚኖረው ሰው ለማወቅ ገና ብዙ ጊዜ ይቀረው ነበር።

ከምጽዋ እስከ ጎንዶኮሮ

የኬዲቭ እስማኤል ዘመን ሲመጣ የጎንዶኮሮ ታሪክ ከቀይ ባሕር ዳርቻ ታሪክ ጋራ ይገናኛል። እስማኤል ግብፅን በ1863 መግዛት ከጀመረ በኋላ፣ ምጽዋንና ስዋኪንን ከቱርክ ሱልጣን በ1860ዎቹ አጋማሽ ተረከበ። ሐሳቡ ከቀይ ባሕር እስከ ታላላቆቹ ሐይቆች የሚደርስ አንድ ግዛት ማቋቋም ነበር። ስለዚህ በሰሜን ቨርነር ሙንሲንገር የተባለውን ስዊስ በ1871 በምጽዋ አገረ ገዢ አድርጎ ሾመ፤ በደቡብ ደግሞ ቤከርን በ1869 ለአራት ዓመት ቀጥሮ በዓመት 10,000 ፓውንድ ደመወዝ ወደ ጎንዶኮሮ ላከው። ትእዛዙም የባሪያ ንግድን እንዲያጠፋ፣ አገሩንም ለግብፅ መንግሥት እንዲያስገብር ነበር።

ቤከር ከካርቱም በፌብሩዋሪ 1870 ቢነሣም የሱድ ሣር ወንዙን ስለ ዘጋው ጎንዶኮሮ የደረሰው ኤፕሪል 15 ቀን 1871 ነው። በደረሰም ጊዜ ያልጠበቀው ነገር አጋጠመው። ወንዙ መንገዱን ለውጦ ነበር። ቀድሞ ጥልቅ የነበረው ውሃ በአሸዋ ተሞልቶ፣ አዳዲስ ደሴቶች ወጥተው፣ መርከቦቹ ወደ ጥንቱ ማረፊያ መጠጋት አልቻሉም። ከስምንት ዓመት በፊት የታወቀው ወደብ ከውሃው ተለይቶ በየብስ ላይ ቀርቶ ነበር።

የሆነ ሆኖ ሜይ 26 ቀን 1871 ወታደሮቹን በሰልፍ አሰልፎ፣ በከፍተኛ ምሰሶ ላይ ባንዲራ አሰቅሎ፣ አገሩ የግብፅ ግዛት መሆኑን አወጀ፤ የቦታውንም ስም በኬዲቩ ስም እስማኤሊያ አለው። ነገር ግን አዲሱ ስም ዕድሜ አላገኘም። የባሪ ሕዝብ ባሪያ ፈንጋዩንና ባሪያ ነጻ አውጪ ነኝ ባዩን፣ ሁለቱም ከብቱን ስለ ወሰዱበት፣ አንድ አድርጎ ቈጠራቸው። ወታደሩ እህል ሲያጣ ከብት ይዘርፋል፤ ሕዝቡ ሲዘረፍ ይዋጋል። የመንግሥት ሥራ በሰላም ሊሠራ አልቻለም።

በ1874 ቻርልስ ጎርደን በቤከር ስፍራ ተሹሞ ሲመጣ፣ ጎንዶኮሮ ለጤና የማይስማማ መሆኑን አይቶ በዚያው ዓመት የግዛቱን መቀመጫ ከማዶ በስተ ሰሜን ወደሚገኘው ላዶ አዛወረ። የእስማኤል ታላቅ ሐሳብም ብዙ አልቆየም። የግብፅ ጦር በኖቬምበር 1875 በጉንደት፣ በማርች 1876 ደግሞ በጉራዕ በዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት ተደመሰሰ። ሙንሲንገርም በዚያው በ1875 በአውሳ ተገደለ። ገንዘቡ በዕዳ ተይዞ የነበረው ኬዲቭ የስዊስ ቦይ አክሲዮኑን በ1875 ለእንግሊዝ መንግሥት ሸጠ፤ በጁን 1879ም ከሥልጣኑ ተሻረ። ጎርደንም በዚያው ዓመት ከዐፄ ዮሐንስ ጋራ ለመነጋገር እስከ ደብረ ታቦር ሄዶ፣ ሳይስማሙ ቀርተው በምጽዋ በኩል ወጣ። ጎንዶኮሮን የተወው ሰው የምሥራቁን ጉዳይም ሳይፈጽም ሄደ ማለት ነው።

የጎንዶኮሮ ማሽቆልቆልና የጁባ መነሣት

ከዚህ በኋላ አገሩ እጅ በእጅ ተለዋወጠ። የማህዲ ተከታዮች በ1888 ረጃፍን ያዙ፤ ቤልጂጎች በ1897 ወስደው አስለቀቁአቸው፤ የምዕራቡ ዳር ላዶ ተብሎ ለቤልጂጉ ንጉሥ ለሊዮፖልድ ዕድሜ ልክ ተከራየ፤ ንጉሡ በዲሴምበር 1909 ሲሞት በ1910 ወደ ሱዳን ተመለሰ። በምሥራቁ ዳር ያለው ጎንዶኮሮ ግን በእንግሊዞች እጅ የኡጋንዳ ግዛት የመጨረሻ ጣቢያ ሆኖ ቆየ። የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የምሥራቅ አፍሪካ አደናቸውን የፈጸሙት በፌብሩዋሪ 1910 በጎንዶኮሮ ነው፤ ከዚያም በመርከብ ወደ ካርቱም ወረዱ። በ1914 ጎንዶኮሮ ወደ ሱዳን አስተዳደር ተላለፈ፤ ከዚያም ወዲህ ስሙ እየተረሳ ሄደ።

በ1920ዎቹ እንግሊዞች የግዛቱን መቀመጫ ከሞንጋላ ለማዛወር ቦታ ሲፈልጉ፣ ከወንዙ ፊት ለፊት በምዕራቡ ዳር ያለችውን የጁባን ትንሽ መንደር መረጡ። ከመንገድ ጋራ የምትገናኝ፣ መሬቷም የጠና ነበረ። የግሪክ ነጋዴዎች መጥተው የድንጋይ ቤትና ሱቅ ሠሩ፤ በወንዙ ዳር መርከብ፣ በሜዳውም ከለንደን ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚያልፍ አውሮፕላን ማረፍ ጀመረ። ከነጭ ዓባይ መርከቦች መነሻ ከኮስቲ እስከ ጁባ ያለው የወንዝ መንገድ 1,436 ኪሎ ሜትር ነው።

በጁን 1947 በጁባ በተደረገው ጉባኤ የደቡብ ሱዳን ዕጣ ተመከረበት። በ1955 ደቡባውያን ወታደሮች በቶሪት ዐመፁ፤ ከዚያ የጀመረው ጦርነት በአዲስ አበባ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አስታራቂነት፣ በ1972 በተፈረመው ስምምነት ለጊዜው ቆመ፤ ጁባም የደቡቡ ክልል መንግሥት መቀመጫ ሆነች። ጦርነቱ በ1983 እንደ ገና ተነሥቶ በ2005 በሰላም ስምምነት ተፈጸመ። ጁላይ 9 ቀን 2011 ደቡብ ሱዳን ነጻ አገር ስትሆን ጁባ ዋና ከተማዋ ሆነች።

ነጋዴውና ወንዙ

ነጭ ዓባይ ለኢትዮጵያ ነጋዴም እንግዳ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ ሜይ 15 ቀን 1902 ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ በተዋዋሉት ውል፣ በባሮ ወንዝ ዳር ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ ተሰጠ። በዚህም የጋምቤላ ወደብ ተቋቋመ። ከካርቱም የሚነሡት የእንፋሎት መርከቦች በክረምት፣ ባሮ ሲሞላ፣ ጨውና ጨርቅ ይዘው እየመጡ ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። ጣቢያው በ1956 ለኢትዮጵያ ተመለሰ።

ጋምቤላም እንደ ጎንዶኮሮ በዓመት ጥቂት ወራት ብቻ የሚሠራ ወደብ ነበር፤ አንዱ የነፋስ፣ ሌላው የጎርፍ ባሪያ ነበረ። ልዩነታቸው ግን ትልቅ ነው። ጋምቤላ ውል ነበረው፤ የመሬቱ ስፋት ተለክቶ የታወቀ፣ የሁለቱ መንግሥታት መብት የተጻፈ፣ ጉምሩኩም የታወቀ ነበር። ስለዚህ መርከቦቹ ከቀሩ በኋላ ከተማው ቀረ፤ ዛሬም የክልል ዋና ከተማ ነው። ጎንዶኮሮ ግን ከጀልባዎቹ ጋራ አብሮ ሄደ።

ከ2005 ወዲህ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ነጋዴዎች ወደ ጁባ ሄደው ሆቴል፣ ምግብ ቤት፣ ሱቅ ከፍተዋል፤ ከወንዙ በቦቴ መኪና ውሃ እያመላለሱ ለከተማው የሚያድሉም አሉ። በኮኞ ኮኞ ገበያ አማርኛና ትግርኛ መስማት የሚያስደንቅ ነገር አይደለም። ዕቃው አብዛኛውን የሚመጣው ከሞምባሳ ወደብ በኡጋንዳ አልፎ በኒሙሌ በኩል ነው። ከኒሙሌ እስከ ጁባ ያለው የ192 ኪሎ ሜትር መንገድ በ2012 በአስፋልት ተሠርቶ ተከፍቶአል። ስለዚህ የዛሬዪቱ ጁባ ዋና በር በስተ ደቡብ ሆኖአል፤ ወንዙም ወደ ቦርና ወደ ማላካል ለሚሄደው ጭነት ያገለግላል።

ይሁን እንጂ በዲሴምበር 2013 እና በጁላይ 2016 በከተማው ውስጥ ጦርነት በተነሣ ጊዜ፣ ነጋዴው ብዙ ዓመት የደከመበትን በጥቂት ቀን ውስጥ ያጣበት ሁኔታ ታይቶአል። በ2016ቱ ግጭት የዓለም የምግብ ፕሮግራም ዋና መጋዘን እንኳ ተዘርፎአል። በሴፕቴምበር 2018 በአዲስ አበባ የሰላም ስምምነት ተፈርሞአል። ነጋዴ ከሁሉ በፊት የሚፈልገው ገበያ ነው ሲባል ይሰማል፤ የጁባ ነጋዴ ግን ከገበያ በፊት የሚፈልገው ጸጥታ መሆኑን በኪሱ ተምሮአል።

ከጎብኝቱ የሚገኘው ትምህርት

ወደቦች የሚጠፉባቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸው። ስዋኪን በ1909 ፖርት ሱዳን ሲከፈት፣ ትልልቅ መርከቦች ጠባቡን ሰርጥ ስለ ተዉት፣ የድንጋይ ቤቶቿ እየፈረሱ ቀሩ። ምጽዋ በ1990 በደረሰው ጦርነት ብዙ ሕንፃዎቿ ተጐድተዋል፤ ነገር ግን ጥልቅ ውሃዋና ዘመናትን የተሻገረው ነጋዴዋ ስለ አሉ ዛሬም ወደብ ናት። በጎንዶኮሮም ወንዙ መንገዱን መለወጡና ወባው መበርታቱ እውነት ነው። ነገር ግን ወንዝ ቢለወጥ ሰው ቤቱን ወደ ውሃው ያስጠጋል፤ ወባም ቢበረታ ከፍ ወዳለ መሬት ይወጣል። ጎንዶኮሮን ያጠፋው በዋናው ነገር ለመቆየት ብሎ የመጣ ሰው ማነሱ ነው። ነጋዴው ለሁለት ወር መጣ፤ አበዳሪው መቶ በመቶ ፈለገ፤ ገዢው ባንዲራ ሰቅሎ የሚበላውን ከሕዝቡ በኀይል ወሰደ። በዚህ መካከል ባለ አገሩ ተረሳ።

ለአስተዳዳሪ ከዚህ የሚገኘው ትምህርት የታወቀ ነው። ንግድ ነጻ ይሁን ብሎ ማወጅ ብቻውን አይበቃም፤ ሚዛኑን የሚመረምር፣ ውሉን የሚያጸና፣ ድኻውን ከጉልበተኛ የሚጠብቅ ዳኛ ከነጋዴው ቀድሞ ወይም ከነጋዴው ጋራ መድረስ አለበት። ለነጋዴም እንዲሁ ነው። በከባድ አራጣ የተጀመረ ንግድ ነጋዴውን ወደማይፈልገው ሥራ ይገፋዋል፤ ከአገሬው ጋራ ያልተወዳጀ ሀብትም ሁከት በተነሣ ቀን የሚከላከልለት ጎረቤት አይኖረውም።

ጁባ ደግሞ ገና ወጣት ከተማ ናት። የመንግሥቷ ሹማምንትና በውስጧ የሚነግዱ የውጭ አገር ሰዎች ሁሉ ከማዶው ዳር የሚማሩት አለ። የጎንዶኮሮ ስፍራ በእርሻና በጎርፍ ፈጽሞ ከመጥፋቱ በፊት፣ የሚሲዮኑ ጣቢያና የቤከር ሰፈር የነበሩበት ቦታ በሊቃውንት ተመርምሮ ቢከለል፣ የባሪ ሽማግሌዎች ከአባቶቻቸው የሰሙትም ቢጻፍ፣ ለአገሪቱ ልጆች የሚጠቅም ቅርስ ይሆናል። እስካሁን ስለ ጎንዶኮሮ በሰፊው የተነበበው ታሪክ በመርከብ መጥተው በመርከብ የተመለሱ ሰዎች የጻፉት ነው፤ በዳሩ የቀረው ሕዝብ የሚናገረውም ከዚህ ጋራ ሊነበብ ይገባዋል።

ፀሐይ ወደ ጀበል ኩጁር ስትዘቀዝቅ የደሴቱ ገበሬዎች ለማግስቱ ገበያ የሚሆነውን አትክልት በጀልባ ጭነው ወደ ጁባ ይሻገራሉ። ጭነቱ ጥቂት፣ ትርፉም አነስተኛ ነው። ነገር ግን ሻጩ ያመረተውን ይሸጣል፤ ገዢውም ዋጋውን ይከፍላል፤ በማግስቱም ሁለቱ እንደ ገና ይገናኛሉ። የጥንቱ ጎንዶኮሮ ከሃያ ሺህ ፓውንድ የዝሆን ጥርስ ጋራ ያላገኘው ነገር ይህ ነበር።